ጥላ የሚያስፈራው በርቀቱ ነው፦ በቤት ውስጥ የወረቀት አሻንጉሊት ቆርጦ የማታ ተረት ስለ መተረክ

ማታ መብራት ጠፍቶ አንድ ሰው የስልኩን መብራት አብርቶ ወለል ላይ ሲያስቀምጠው፣ በክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ጥላ ግድግዳውን ይወጣና ጣሪያው ላይ ይጎብጣል። ወደ መብራቱ የተጠጋ ሕፃን ከአባቱ በላይ ይገዝፋል፤ ግድግዳው ሥር የተቀመጠው አባት ደግሞ በራሱ ልክ ይቀራል። ይህን ልብ ብሎ ያየ ሰው የጥላ ትርዒትን ዋና ምስጢር አግኝቶታል፤ ምክንያቱም ከወረቀት ተቆርጦ በመጋረጃ ላይ የሚታይ አሻንጉሊት የሚያስፈራው በጥርሱ ብዛት ወይም በቀንዱ ርዝመት ሳይሆን፣ በመብራቱ፣ በወረቀቱና በመጋረጃው መካከል ባለው ርቀት ነው። ለልጆቻቸው የሚያስፈራ ተረት በጥላ ለማሳየት የሚነሡ ብዙ ሰዎች ድካማቸውን ሁሉ በሥዕሉ ላይ ያሳልፋሉ። እኔም የመጀመሪያውን ጭራቅ ስሠራ ሁለት ምሽት ሙሉ ተቀምጬ ጥርሶቹን አንድ በአንድ በምላጭ ካወጣሁ በኋላ፣ መጋረጃው ላይ የታየኝ ቅርጹ የማይለይ ግራጫ ደመና ብቻ ነበር። ወረቀቱ ምንም እንከን አልነበረበትም፤ ችግሩ ከጀርባው ያስቀመጥሁት ትልቅ አምፖል ነበር። አምፖሉ ጥርሶቹን እንዴት እንደ በላቸው መረዳት ደግሞ ከመቁረጡ ሥራ መቅደም አለበት።

የጥላው ጠርዝ ለምን ይደበዝዛል?

ጥላ ብርሃን ያልደረሰበት ቦታ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ የብርሃን አለመድረስ ግን ደረጃ እንዳለው ብዙ ጊዜ አናስተውልም። ነገሩን ለመረዳት አንዲት ጉንዳን በመጋረጃው ላይ እየሄደች ወደ መብራቱ ትመለከታለች ብለን እናስብ። በጥላው መካከል ስትሆን ወረቀቱ መብራቱን ሙሉ በሙሉ ስለሚጋርድባት ምንም አታይም፤ የቆመችበት ቦታም ጥቁር ነው። ወደ ጠርዙ ስትጠጋ የመብራቱ አንድ ጎን ከወረቀቱ ጀርባ ብቅ ይልላታል፤ ጥቂት ስትራመድ ግማሹን፣ ትንሽ ቆይታም ሙሉውን ታያለች። መብራቱ በከፊል በሚታያት በዚያ ስፍራ መጋረጃው ጥቁርም ነጭም ሳይሆን ግራጫ ይሆናል። ይህ ግራጫ ዳርቻ ከፊል ጥላ ይባላል። መብራቱ እንደ መርፌ ጫፍ ትንሽ ቢሆን ኖሮ ጉንዳኗ ወይ ታየዋለች ወይ አታየውም፤ መካከለኛ የሚባል ነገር ስለማይኖር የጥላው ጠርዝ ጥርት ብሎ ይታይ ነበር።

የግራጫው ዳርቻ ስፋት በቀላል ስሌት ይገኛል። የመብራቱን ስፋት ከወረቀቱ እስከ መጋረጃው ባለው ርቀት ማባዛት፣ የተገኘውንም ከመብራቱ እስከ ወረቀቱ ባለው ርቀት ማካፈል ነው። ከመብራቱ እስከ መጋረጃው 150 ሴንቲ ሜትር ቢሆንና አምፖሉ 6 ሴንቲ ሜትር ስፋት ቢኖረው፣ ከመጋረጃው 10 ሴንቲ ሜትር ርቆ የተያዘ ወረቀት ጠርዙ የሚደበዝዘው ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ባነሰ ልክ ስለሆነ ማንም አያስተውለውም። ያንኑ ወረቀት ከመጋረጃው 50 ሴንቲ ሜትር ብናርቀው ግን ድብዛዜው 3 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ በዚህን ጊዜ ጥርስ፣ ጥፍርና ጆሮ ሁሉም ይጠፋሉ። አምፖሉን ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ባለው የስልክ መብራት ስንተካው፣ በዚያው ቦታ ላይ ድብዛዜው ወደ ሩብ ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። እኔ ሁለት ምሽት የደከምሁበትን ጭራቅ ያዳነው የበለጠ ብርሃን ሳይሆን ያነሰ መብራት ነው።

አንዳንድ ስልኮች ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት የመብራት ነጥቦች እንዳሏቸው ልብ ማለት ይገባል። እንዲህ ያለው ስልክ የእያንዳንዱን ጠርዝ ጥላ ሁለት ጊዜ ስለሚያሳይ፣ አንደኛውን ነጥብ በጥቁር ፕላስተር መሸፈን ይሻላል።

በኩራዝ ብርሃን ያደጉ ሰዎች የዚያ ዘመን ጥላ ሕይወት ያለው ይመስል እንደ ነበር ያስታውሳሉ፤ ትዝታቸውም ትክክል ነው። የኩራዝም ሆነ የሻማ ነበልባል ወደ ጎን ቀጭን፣ ወደ ላይ ግን ረዘም ያለ ነው፤ በዚህ ምክንያት የጥላው የቆሙ ጠርዞች ጥርት ሲሉ የተጋደሙት ይለሰልሳሉ። ነበልባሉ በትንፋሽ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ደግሞ የብርሃኑ መነሻ ራሱ ስለሚንቀሳቀስ፣ ማንም ያልነካው ጥላ ይንቀጠቀጣል። በኢንዶኔዥያ የጃቫ ደሴት ዋያንግ ኩሊት የሚባለው የጥላ ትርዒት በጥንቱ ልማድ የሚታየው ከባለ ትርዒቱ ራስ በላይ በሚንጠለጠል የዘይት መብራት ነው፤ ከጎሽ ቆዳ የተቀረጹት ምስሎች የሚተነፍሱ የሚመስሉትም ከዚሁ የተነሣ ነው። ይሁን እንጂ ቤት ውስጥ ወረቀት፣ ጨርቅና ልጆች ባሉበት በጨለማ ሻማ ወይም ኩራዝ መጠቀም ፈጽሞ አይገባም። መንቀጥቀጡ ካስፈለገ ግማሽ ድረስ ውሃ የተሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ በስልኩ መብራት ፊት ይዞ ቀስ ብሎ ማወዛወዝ ይበቃል፤ በውሃው ውስጥ የታጠፈው ብርሃን በመጋረጃው ላይ ይፈስሳል።

የሚቀርብ ነገር

ፍርሃቱ የሚገኝበትን ቦታ ለማሳየት ቁጥር ልጠቀም። ቁመቱ 12 ሴንቲ ሜትር የሆነ የጅብ አሻንጉሊት አለን እንበል፤ መብራቱም እንደ ቅድሙ ከመጋረጃው 150 ሴንቲ ሜትር ይርቃል። አሻንጉሊቱ ከመብራቱ 125 ሴንቲ ሜትር ርቆ መጋረጃው አጠገብ ሲሆን የጥላው ቁመት 14 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። እጃችንን 50 ሴንቲ ሜትር ወደ መብራቱ ስበን 75 ላይ ስናደርሰው ጥላው 24 ይሆናል፤ ለውጡ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። አሁንም ሌላ 50 ሴንቲ ሜትር ስበን 25 ላይ ስናደርሰው 72 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ከዚያ 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ብንጨምርና 15 ላይ ብናደርሰው 120 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ጅብ መጋረጃውን ይሞላዋል። እጃችን በአንድ ዓይነት ፍጥነት ሲሄድ ጥላው ግን በመጀመሪያ ያዘግማል፣ ቀጥሎ ይፈጥናል፣ በመጨረሻ ዘልሎ ይመጣል ማለት ነው።

ይህ አጋጣሚ አይደለም። ወደ እኛ የሚመጣ እውነተኛ አውሬም በዓይናችን ውስጥ የሚያድገው በዚሁ ሕግ ነው፤ ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ መጠኑ እጥፍ ይሆናል። ስለሆነም ወረቀቱ እኩል በሆነ ፍጥነት ወደ መብራቱ ሲሳብ፣ ተመልካቹ የሚያየው ትልቅ የሚሆን ሥዕል ሳይሆን ወደ እሱ የሚራመድ ፍጡር ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ዊልያም ሺፍ፣ ጄምስ ካቪነስና ጄምስ ጊብሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በሬሰስ ጦጣዎች ፊት መጋረጃ ዘርግተው፣ ከጀርባው በመብራት በፍጥነት የሚሰፋ ጥላ አሳይተዋቸው ነበር። ጦጣዎቹ አንድ ነገር ሊመታቸው የመጣ ያህል ወደ ኋላ ሸሹ። ያው ጥላ እየጠበበ ሲሄድ ግን አልሸሹም። ጥላው የአውሬ ቅርጽ እንኳ አልነበረውም፤ መስፋቱ ብቻ በቂ ነበር። ከዚህ በኋላ በጥርስ ላይ ሁለት ምሽት ማጥፋት እንደማያስፈልግ አምኜአለሁ።

ይህ እንቅስቃሴ እንዲሳካ የመብራቱ ከፍታ በጥንቃቄ መመረጥ አለበት። የአሻንጉሊቱ እግር ከመብራቱ ነጥብ ጋር በአንድ ከፍታ ላይ ከተያዘ፣ ወረቀቱ ቢቀርብም ቢርቅም የእግሩ ጥላ ከቦታው አይነቃነቅም፤ የሚያድገው ወደ ላይና ወደ ጎን ብቻ ስለሚሆን ጅቡ መሬት ረግጦ የቆመ ይመስላል። መብራቱ በወገቡ ትክክል ከሆነ ግን ጥላው ሲያድግ ወደ ታችም ስለሚወርድ፣ ተመልካቹ አየር ላይ የሚነፋ ፊኛ ያየ ይመስለዋል። ከዚሁ ሕግ የሚገኝ ሌላ ጥቅም አለ፤ ከመብራቱ ከፍታ በታች ያለ ማንኛውም ነገር ጥላው የሚወድቀው ከዚያው ከፍታ በታች ነው። ስልኩን በበርጩማ ላይ በብርጭቆ አስደግፎ ማቆም፣ የመጋረጃውንም የታችኛ ክፍል እስከ መብራቱ ከፍታ ድረስ በካርቶን መሸፈን፣ ተራኪውም ወለል ላይ ዝቅ ብሎ መቀመጥ ነው፤ እጁም፣ ራሱም፣ አሻንጉሊቱን የያዘበት ዘንግም በካርቶኑ ስለሚሸፈኑ አንዳቸውም አይታዩም።

ለመጋረጃነት በበር መቃን ላይ የተወጠረ ነጭ አንሶላ ወይም አቡጀዲ ከሁሉም ይበልጣል፤ ተራኪው በአንዱ ክፍል፣ ተመልካቹ በሌላው ሆኖ በሩ ራሱ መድረክ ይሆናል። ነጠላ እጅግ ስስ ስለሆነ መብራቱ ራሱ በጨርቁ ውስጥ አልፎ ዓይን ይወጋል፤ ሌላ ከሌለ አጥፎ ደርቦ መጠቀም ይቻላል። ጨርቁ በካውያ መተኮስ አለበት፤ እያንዳንዱ ጭምድድ በመጋረጃው ላይ መስመር ሆኖ ይታያልና።

ወረቀቱን መቁረጥ

የወረቀቱ ቀለም ምንም ለውጥ አያመጣም። በሥዕል ያሸበረቀ የብስኩት ካርቶንም ሆነ አሮጌ ክላሴር ጥላቸው እኩል ጥቁር ነው። የሚያስፈልገው ብርሃን የማያሳልፍና ሲያዝ የማይጎብጥ መሆኑ ነው፤ ተራ የኅትመት ወረቀት ብርሃን ስለሚያሳልፍ ሁለትና ሦስት አድርጎ በኮላ ማጣበቅ ይቻላል፤ ሲደርቅ እንዳይጠማዘዝ ግን ከከባድ መጽሐፍ ሥር ማደር አለበት።

ሥዕሉ ከጎን የታየ ቢሆን ይመረጣል፤ አፍንጫ፣ አገጭና ጀርባ የሚለዩት ከጎን ነው። ጅብ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ እንስሳ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ከፊት ከፍ፣ ከኋላ ዝቅ ያለ ጀርባው፣ ወፍራም አንገቱ፣ ወደ መሬት የተደፋ ራሱና ክብ ጆሮዎቹ ምንም ዝርዝር ሳይጨመርባቸው በአገራችን ላደገ ሰው ሁሉ ወዲያው ይታወቃሉ። በሥዕሉ ላይ መጋነን ያለበት ይህ የጀርባው ቁልቁለት ነው። ከፊት የታየ ምስል ግን ሌላ ጥቅም አለው፤ ፊቱ የማይታይ ጥቁር ሰው ወደ እኛ ዞሮ ይሁን ጀርባውን ሰጥቶ ሊለይ ስለማይችል፣ በመጋረጃው መካከል ዝም ብሎ የቆመ እንዲህ ያለ ጥላ ከሚዘልለው አውሬ ይልቅ ትልልቆቹን ልጆች ያሳስባል። በቻይና የጥላ ትርዒት አጀማመር የሚነገረው አፈ ታሪክም የተመሠረተው በዚህ ጥርጣሬ ላይ ነው። የሃን ሥርወ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት ዉ የሚወዳት ሊ የተባለችው ሴት ሞታበት ሲያዝን፣ አንድ ጠንቋይ በሌሊት መብራት አብርቶ ከመጋረጃ ጀርባ እሷን የመሰለች ምስል አሳየው ይባላል። ንጉሡ ከሩቅ እንዲያይ እንጂ እንዲጠጋ አልተፈቀደለትም ነበርና፣ እሷ ትሁን አትሁን ሳያውቅ ቀረ።

በመቁረጥ ጊዜ ከውስጥ ያሉት ቀዳዳዎች መቅደም አለባቸው፤ ዙሪያው ያልተቆረጠ ወረቀት ጠንካራ ስለሆነ ምላጩን ይቋቋማል። ዓይንና የጥርስ መካከል ከወጡ በኋላ ዙሪያው በመቀስ ይቆረጣል፤ በዚህን ጊዜ መቀሱን ከማዞር ይልቅ ወረቀቱን ማዞር የተስተካከለ ጠርዝ ይሰጣል። ምላጭ የያዘው እጅ የአዋቂ እጅ መሆን አለበት፤ መቀሱን ግን ልጆች ቢይዙት ደስ ይላቸዋል።

ዓይኑ ትንሽ ቀዳዳ ሆኖ በጥቁሩ ራስ ላይ ነጭ ሆኖ ይበራል። ከቀዳዳው ጀርባ ቀይ የከረሜላ መጠቅለያ ቢለጠፍበት ቀይ ሆኖ ይበራል፤ ይህ ትንሽ ነገር በሰፈሩ ልጆች ሁሉ ፊት የተረጋገጠ ውጤት አለው። ትንሽ ቀዳዳ በሰፊ መብራት ፊት ሲያዝና ከመጋረጃው ሲርቅ ግን የራሱን ቅርጽ ትቶ የመብራቱን ቅርጽ ይይዛል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ ፀሐይ የቀለበት ቅርጽ ይዛ በተጋረደችበት ቀን፣ በዛፍ ቅጠሎች መካከል አልፈው መሬት ላይ የሚያርፉት የብርሃን ነጥቦች ቀለበት የሠሩት በዚሁ ምክንያት ነው፤ እያንዳንዱ ክፍተት የፀሐይዋን መልክ ይጥል ነበር። በስልክ መብራት ይህ ችግር አነስተኛ ነው፤ ያም ሆኖ የዓይኑ ቀዳዳ ከ3 ሚሊ ሜትር ባያንስ ይመረጣል።

አሻንጉሊቱን ለመያዝ ከመጥረጊያ የተመዘዘ ጠንካራ ጭራሮ ወይም የተሰበረ ጃንጥላ ሽቦ በፕላስተር ጀርባው ላይ ይለጠፋል። በዚህ ነገር ሁለት ታላላቅ ልማዶች ይለያያሉ። በቱርክ ካራጎዝ በሚባለው ትርዒት አሻንጉሊቶቹ ከጀርባቸው በአግድም በሚገቡ ዘንጎች ተይዘው መጋረጃው ላይ ይለጠፋሉ፤ ከግመል ቆዳ ተፍቀውና ተቀልመው የሚሠሩ በመሆናቸው ብርሃኑ በውስጣቸው አልፎ ቀለማቸውን ያሳያል፤ ለጨዋታና ለሣቅም እጅግ የተመቹ ናቸው። የጃቫው ምስል ግን ከሥር በሚወጣ ዘንግ ስለሚያዝ ከመጋረጃው ሊርቅና ሊቀርብ ይችላል። እኛ የምንፈልገው ወደ መብራቱ የሚሄድ አሻንጉሊት ስለሆነ ዘንጉን ከእግሩ ሥር ወደ ታች ማውጣት ይገባናል፤ 30 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ይበቃዋል።

የሚንቀሳቀስ አካል ካስፈለገ፣ ለምሳሌ መንጋጋ ወይም ክንድ፣ ሁለቱ ክፍሎች 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ተደራርበው በመርፌ ይበሳሉ፤ ወፍራም ክር ገብቶም በሁለቱም በኩል ይቋጠራል። ቋጠሮው ወረቀቱን ቆንጥጦ መያዝ የለበትም። አንድ መገጣጠሚያ ያለው አሻንጉሊት ከአምስት መገጣጠሚያ ካለው የተሻለ ይሠራል፤ የተራኪው እጆች ሁለት ብቻ ናቸውና።

መለወጥና መጥፋት

የጥላን ተረት ከማንኛውም ሌላ ትርዒት የሚለየው ነገር በመጋረጃው ላይ ሁለት ወረቀት አንድ መሆኑ ነው። የተደራረቡ ወረቀቶች መካከላቸው ስፌትም መስመርም አይታይም። ስለዚህ ጋቢ የለበሰ፣ ትከሻው የጎበጠ ሽማግሌ ቅርጽ ቆርጠን፣ ከጀርባው የጅብ ራስ በአንድ ክር አያይዘን ብንደብቅ፣ ተመልካቹ ሽማግሌውን ብቻ ያያል። ከራሱ ጋር የታሰረውን ቀጭን ሽቦ ስንገፋው ክብ ጆሮና ረጅም አፍንጫ ከጋቢው ውስጥ ቀስ ብለው ይወጣሉ። የጋቢው ጉብታ የጅቡ ትከሻ ሆኖ ይቀራል፤ ምንም ነገር ሳይወገድ ሰውዬው ሰው መሆኑን ያቆማል።

መንፈስ ለማሳየት ግን ጥቁር ጥላ አይመችም፤ ግራጫ ያስፈልጋል። ተራ ነጭ ወረቀት በጥቂት የምግብ ዘይት አሽቶ ትርፉን በሶፍት ማድረቅ ይበቃል። ሳምቡሳ የተጠቀለለበት ወረቀት ለምን ብርሃን እንደሚያሳልፍ ያስተዋለ ሰው ምክንያቱን ይገምታል። ወረቀት ነጭ ሆኖ የሚታየው በቀጫጭን ክሮቹ መካከል አየር ስላለ ነው፤ ብርሃን ከክር ወደ አየር፣ ከአየር ወደ ክር ባለፈ ቁጥር እየታጠፈ ይበተናል። ዘይቱ አየሩን አስወጥቶ ቦታውን ሲይዝ፣ ዘይትና የወረቀት ክር ብርሃንን የሚያጥፉት በተቀራረበ መጠን ስለሆነ መበታተኑ ይቀንስና ብርሃኑ ያልፋል። ከዘይት ወረቀት የተቆረጠ የሴት ምስል በጥቁር ዛፍና በጥቁር ቤት መካከል ስታልፍ ከዚህ ዓለም እንዳልሆነች ለማንም መንገር አያስፈልግም። እንድትጠፋ ሲፈለግ ዘንጉን በጣቶች መካከል ቀስ ብሎ ማዞር ነው፤ ወረቀቱ በጠርዙ ወደ መብራቱ ሲዞር ጥላዋ እየቀጠነ ሄዶ ክር ይሆናል፣ ክሩም ይጠፋል።

ሁለተኛ ስልክ ካለ ከዚህም የሚበልጥ ነገር ማድረግ ይቻላል። ሁለቱን መብራቶች በ20 ሴንቲ ሜትር አራርቆ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። አሻንጉሊቱ መጋረጃውን ሊነካ ሲቀርብ ሁለቱ ጥላዎች በ3 ሚሊ ሜትር እንኳ ስለማይለያዩ አንድ ጥቁር ምስል ሆነው ይታያሉ። ከመጋረጃው 50 ሴንቲ ሜትር ሲርቅ ግን በመካከላቸው 10 ሴንቲ ሜትር ይከፈታል፤ ሁለቱም ግራጫ ይሆናሉ፣ አንዱ መብራት የከለከለውን ቦታ ሌላው በከፊል ያበራዋልና። ተመልካቹ የሚያየው አንድ ሰው ከራሱ ሲለይ ነው። ከዚያ አንደኛውን መብራት በመዳፍ ቀስ ብሎ መሸፈን ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ይጠፋል፣ የቀረው ይጠቁራል።

እነዚህን ሁሉ በአንድ ምሽት ማሳየት ግን ስሕተት ነው። በአንድ ተረት ውስጥ አንድ መለወጥና አንድ መቅረብ ይበቃሉ።

አንድ ተረት በመጋረጃ ላይ

«ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል» የሚለውን ምሳሌያዊ አነጋገር ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ለሚያስቅ ነገር የምንጠቅሰው ቢሆንም፣ ነገሩን ከቤቱ ባለቤቶች ወገን ሆነን ስናየው በጣም የሚያስፈራ ተረት ነው። የምሠራበትን መንገድ ልግለጽ። ተራኪው ገና መብራቱን ሳያበራ በጨለማው ውስጥ «ተረት ተረት» ይላል፤ ልጆቹም «የላም በረት» ብለው ይመልሳሉ። መብራቱ ሲበራ አንድ ጎጆ፣ አንድ ዛፍና አንዲት እናት ከሁለት ልጆቿ ጋር መጋረጃው ላይ ተጠግተው ይታያሉ፤ ሁሉም ትንንሽና ጥርት ያሉ ናቸው። ጋቢ የለበሰው እንግዳ ከዳር ይመጣል፤ «ቤቶች! የመሸበት እንግዳ ነኝ» ይላል። «ይግቡ፣ ቤት የእግዚአብሔር ነው» ትለዋለች። መደብ ላይ እንዲተኛ ስትጋብዘው «ግድ የለም እመቤቴ፣ ለእኔ ቁርበት ብቻ ያንጥፉልኝ» ይላል። እስከዚህ ድረስ የሚያስፈራ ምንም ነገር የለም፤ መኖርም የለበትም። በእኔ አመለካከት ከጠቅላላው ተረት ሦስት አራተኛው እንዲህ ተራ መሆን አለበት፤ ልጆቹ የእንግዳውን ትንሽ ጥላ የለመዱት ጊዜ ነው በኋላ የሚለወጥባቸው።

ቤተሰቡ ሲተኛ ተራኪው ዝም ይላል። ዝምታው ለራሱ ከሚመስለው በላይ ረጅም መሆን አለበት። ከዚያ ቁርበት የሚታኘክ ድምፅ ይሰማል፤ ደረቅ ካርቶን ቀስ እያሉ መቅደድ ይህን ድምፅ ይሰጣል። ትንሹ ልጅ ቀና ብሎ «እማዬ፣ እንግዳው ምን ይበላል?» ሲል እንግዳው ማኘኩን ያቆማል፤ ከጋቢው ውስጥም አንድ ክብ ጆሮ ይወጣል። ሁለተኛው ጆሮ። አፍንጫው። አሁን አሻንጉሊቱ ከመጋረጃው ተነሥቶ ወደ መብራቱ መሄድ ይጀምራል፤ እጅ ሳይፈጥንና ሳይዘገይ፣ ከመብራቱ 15 ሴንቲ ሜትር እስኪደርስ ድረስ። ጎጆው፣ ዛፉና እናቲቱ በቦታቸው ትንንሽ ሆነው ሲቀሩ እሱ ብቻ ይገዝፋልና በመጨረሻ ሁሉንም ይውጣቸዋል። በዚህ ጊዜ ተራኪው ምንም ቃል ባይናገር ይሻላል።

የፍርሃቱን ልክ መወሰን የተራኪው ኃላፊነት ነው። ጥላውንና ጥላውን የሚሠራውን ነገር ገና ያልለዩ ትንንሽ ልጆች ከትርዒቱ በፊት አሻንጉሊቶቹን በእጃቸው ይዘው፣ የጅቡን ራስ ራሳቸው ከጋቢው አውጥተውና መልሰው ቢያዩ ይጠቅማቸዋል፤ ይህን ማድረጉ ትርዒቱን አያበላሽባቸውም፣ ይልቁንም ጆሮው የሚወጣበትን ጊዜ በጉጉት ይጠብቃሉ። በጃቫ ተመልካቾች ከመጋረጃው በየትኛውም ወገን ሊቀመጡ ይችላሉ፤ አንዳንዶቹ ጥላውን፣ አንዳንዶቹም ባለ ትርዒቱንና ምስሎቹን እያዩ ሌሊቱን ያነጋሉ። የሚፈራ ልጅ ካለ እኛም እንዲሁ ማድረግ እንችላለን፦ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ተራኪው አጠገብ አስቀምጠን ዛፉን እንዲይዝልን መጠየቅ ነው።

ጅቡ መጋረጃውን በሞላበት ቅጽበት መብራቱን አጥፍቶ ትርዒቱን መጨረስ ተራኪን ይፈትነዋል። ለትልልቆች ሊያምር ይችላል፤ ከትርዒቱ በኋላ ወደ መኝታ ለሚሄድ ልጅ ግን አይገባም። እናቲቱ የእሳት እንጨት ታንሣ፣ ውሻ ይጩህ፣ ወይም ይንጋ፤ ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ አሻንጉሊቱ በመጣበት መንገድ ወደ መጋረጃው ይመለስ። 120 የነበረው ጥላ 72፣ ከዚያ 24፣ ከዚያ 14 ሴንቲ ሜትር እየሆነ ሲሄድ የልጆቹ ትከሻ ሲረግብ በጨለማው ውስጥ እንኳ ይታወቃል። ጦጣዎቹም እየጠበበ ከሚሄደው ጥላ አልሸሹም ነበር። ወረቀቱ መጋረጃውን ሲነካ ተራኪው «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይላል፤ የክፍሉን መብራት ያበራል፤ ከብስኩት ካርቶን የተቆረጠውን ጅብም በዘንጉ እንደ ያዘ በመጋረጃው ጎን አውጥቶ ለቀረበው ልጅ ያቀብለዋል።